ባቡር የሌለበት ለገሃር፣ አዲስ ያልሆነው አዲሱ ገበያ

የዛሬዋ ጽሑፍ ረዘም ትላለች። ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ያንብብ፣ ታክሲ ውስጥ ያለ ደግሞ ሴቭ አድርጎ ማታ ይመለስባት።

በጥያቄ ልጀምር፣ መምህር አይደለሁ! የታክሲ ረዳት ሲጣራ ልብ ብላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ሜክሲኮ ሜክሲኮ! ለገሃር! ካዛንቺስ ነው! በሰባራ ባቡር!» አማርኛ የለመደ የውጭ ሰው እንኳን ይሄን ቢሰማ ግራ ይገባዋል። አንዱ ከውቅያኖስ ማዶ ያለ አገር ስም ነው። አንዱ ፈረንሳይኛ ነው። አንዱ የጣልያን መሥሪያ ቤት ስም ነው። አንዱ ደግሞ የተበላሸ ማሽን። እኛ ግን ምንም ሳይገርመን እንገባለን፣ ሂሳብ እንከፍላለን፣ «ወራጅ አለ» ብለን እንወርዳለን።

እኔን ታዲያ ይሄ ነገር ይዞኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ከሌለኝ ስልኬን ይዤ በእግሬ እዞራለሁ። የማነሳው ፎቶ ለፕሮፋይል የሚሆን አይደለም። የትም የማያደርስ ደረጃ፣ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ፣ የቪላ አጥርን ተደግፎ የቆመ የጭቃ ቤት፣ ግማሹ የተላጠ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ። ስልኬ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ላሊበላ ሄዶ ፎቶ ይነሳል፣ አንተ ቆርቆሮ ታነሳለህ» ይሉኛል።

የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ግራ የሚያጋባ ነገር ባየሁ ቁጥር «ይሄ ለምን እዚህ ሆነ?» ማለት አልተውም። ጠይቄ ጠይቄ፣ አንብቤ አንብቤ ስደርስበት ደግሞ ከሥሩ አንድ የታሪክ ምዕራፍ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ይሄ እኛን ምን ያደርግልናል?» የሚል ተማሪ ሁሌም አለ። ለሱ የምሰጠው መልስ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፤ ታሪኩ የምትኖርበት ሰፈር ስም ውስጥ ነው ያለው። እስቲ አብረን እንዙር።

1. ሰፈር ማለት ራሱ ምን ማለት ነው?

«ሰፈር» የሚለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ይመጣል። ጦር ሄዶ ድንኳን ሲተክል «ሰፈረ» ይባላል አይደል? አዲስ አበባም እንደዛ ነው የጀመረችው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ስሟን ሲያወጡላት የተዘጋጀ የከተማ ፕላን አልነበረም። ንጉሡ ከፍታው ላይ ግቢያቸውን አደረጉ። መኳንንቱ ደግሞ ዙሪያውን በየጉብታው ቦታ ተሰጣቸው፤ እያንዳንዱ ጭፍራውን፣ አሽከሩን፣ ከብቱን ይዞ ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚሉት ስሞች ከዚያ የቀሩ ናቸው። የግቢው አንጥረኛና የእጅ ባለሙያ የሰፈረበት ደግሞ ሠራተኛ ሰፈር ተባለ። ደጃች ውቤማ በኋላ የጭፈራ ቤቶች መንደር ሆኖ «ውቤ በረሃ» የሚል ስም ወጣለት። በረሃ የተባለው ፒያሳ አጠገብ ነው እንግዲህ!

በአንዱ ሰፈርና በሌላው መሃል ወንዝና ገደል ነበር። ሰው የማይሰፍርበት፣ ማታ የማይታለፍበት። ዕሪ በከንቱ የሚለውን ስም አስቡት። እዚያ ቁልቁለት ላይ ወንበዴ የያዘው ሰው ዕሪ ቢል ማንም አይደርስለትም ነበር ይላሉ የሰፈሩ ሽማግሌዎች። አንድ ስም ብቻ ነው፤ ግን የድሮዋ አዲስ አበባ ማታ ማታ ምን ትመስል እንደነበር ከአንድ ገጽ በላይ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ፎቶ እንሂድ። ትልቅ የግንብ ቪላ አለ፣ አጥሩን ተደግፈው ደግሞ አምስት ስድስት የጭቃ ቤቶች ተደርድረዋል። ከውጭ የሚመጣ ሰው በዚህ በጣም ይገረማል። በብዙ የዓለም ከተሞች የሀብታም ሰፈር ለብቻ ነው፣ የድሃ ሰፈር ለብቻ ነው። እኛ ጋ ግን የባለ መኪናው ልጅና የጉሊት ቸርቻሪዋ ልጅ አንድ ሱቅ ነው የሚላኩት። ምክንያቱ ያው የሰፈሩ አመጣጥ ነው። ጌታው መሃል ላይ፣ ጭፍራው ዙሪያውን ነበር የሰፈረው። ጌታው ሞተ፣ ሥርዓቱም ተለወጠ፣ አቀማመጡ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ይሄን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

2. የተሰበረው ባቡርና የተሰረቀው አንበሳ

ሰባራ ባቡር ሄዳችሁ ሐዲድ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? አታገኙም። ኖሮም አያውቅም። ነገርየው እንዲህ ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ለአፄ ምኒልክ በእንፋሎት የሚሄድ፣ መንገድ የሚደመድምና ጭነት የሚጎትት ከባድ ማሽን አስመጣ። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ያኔ ባቡር ማለት በሐዲድ የሚሄደው ብቻ አልነበረም። በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን ሁሉ ባቡር ነበር፣ ገጠር እኮ እስከ ዛሬ የእህል ወፍጮን «ባቡር» የሚሉ አሉ። ያ ማሽን ተበላሽቶ የቆመበት ቦታ «ሰባራ ባቡር» ሆኖ ቀረ። ማሽኑ የለም፣ የስሙን ምክንያት የሚያውቀው ሰውም እያለቀ ነው፣ ስሙ ግን በየቀኑ በታክሲ በር ይጠራል።

ለገሃር ደግሞ ተቃራኒው ነው። እዚያ እውነተኛ ባቡር ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን በቋንቋቸው «ላ ጋር» አሉት፣ የኛ ሰው «ለገሃር» አደረገው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን የሚነሳው ከከተማው ዳር ከፉሪ ለቡ ነው። ስለዚህ ዛሬ «ጣቢያ» የሚል ስም ያለው ቦታ የጅቡቲ ባቡር የለውም፣ ባቡር ያለው ቦታ ሌላ ስም አለው።

ፊት ለፊቱ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ስንቶቻችን ቆም ብለን አይተነዋል? ያ አንበሳ ተሰዶ የተመለሰ ነው። በ1923 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ነበር የቆመው። ፋሽስቶቹ ሲገቡ ነቅለው ሮም ወሰዱት። እዚያ ነው ዘርዓይ ደረስ የሚባለው ወጣት ኤርትራዊ በ1930 ዓ.ም. አንበሳውን በጠላት ከተማ ተተክሎ ያየው። ተንበርክኮ ጸለየ፣ ሊያስቆሙት ሲሞክሩ ሰይፉን መዘዘ። ከዚያ በኋላ ነፃነት አላየም። ጣልያን አገር የአእምሮ ሕሙማን በሚያዙበት ቦታ ተዘግቶበት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1945 እዚያው ሞተ። አንበሳው ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ ሥሩ ቁጭ ብለን ሰው እንቀጥርበታለን። «የት ነህ?» «አንበሳው ጋ»። እዚያ ቆማችሁ ሰው ስትጠብቁ ለዘርዓይ አንድ ደቂቃ ብትሰጡት ምን አለ?

3. አምስት ዓመት ገዝተው የተዉልን ስሞች

ጣልያን አዲስ አበባን የያዘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመት። ስሞቹ ግን ስምንት አሥርት ዓመት አልፏቸዋል። ፒያሳ አደባባይ ማለት ነው። መርካቶ ገበያ ማለት ነው። የቀድሞው ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ፋሽስቶቹ ከተማውን ለነጭና ለጥቁር ሊከፋፍሉ ስላሰቡ ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍተው «የአገሬው ተወላጅ ገበያ» አሉት። መርካቶ በቃ እንደዛ ነው የተወለደው፣ «እናንተ ወዲያ» ተብለን። እኛ ደግሞ ገፍተው የጣሉንን ቦታ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ አደረግነው።

ካዛንቺስ የሰው ስም የሚመስላቸው ተማሪዎች ነበሩኝ። አይደለም። «ካሳ» ወይም «ካሴ» ቤት ነው። «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ የጣልያን ተቋም አኅጽሮተ ቃል ነው። የኢንቺስ ቤቶች፣ ካዛንቺስ። ፖፖላሬም እንደዚሁ ለተራው ጣልያናዊ ሠራተኛ የታሰበ «የሕዝብ ቤት» ነበር። ባለቤቶቹ ሳይጠግቡት ሄዱ። ጎሚስታው፣ ፌርማታው፣ ማኪያቶው ግን ቀረ።

ይሄን ሳስተምር «ታዲያ ስሙን ለምን አንቀይረውም?» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስሙ ሲጠፋ ጥያቄውም አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ አራዳን እዩ። ገበያውን ቢወስዱትም ስሙን አልቻሉትም። እንዲያውም ቃሉ አድጎ የሰው ጠባይ ሆነ። «እሱ እኮ አራዳ ነው» ስንል ያንን ገበያ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚገናኝበትን፣ ብልጥ ካልሆንክ የምትበላበትን ቦታ ነው ሳናውቀው የምንጠራው።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ፎቶ ግን የስድስት ኪሎው ደረጃ ነው። ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ፊት ለፊት፣ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ላይ የሚያልቅ የሲሚንቶ ደረጃ። ወደ የትም አይወስድም። እዚያ ግቢ ውስጥ አራት ዓመት ተምረው «የጌጥ ነገር ይሆናል» ብለው ያለፉ ሰዎች አውቃለሁ። ያንን የተከሉት ፋሽስቶቹ ናቸው። ሙሶሎኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ። ማለት በየዓመቱ እየጨመሩ ወደ ሰማይ ሊወጡ ነበር ሐሳቡ።

ቦታውን ደግሞ አስተውሉ። ያ ግቢ ያኔ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፣ ግራዚያኒ የተቀመጠበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ በከተማው የሆነውን ሁላችንም ተምረነዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው ቁጥር 30 ሺህ ሰው ነው። ከነፃነት በኋላ ደረጃውን አላፈረሱትም። የመጨረሻው ጫፍ ላይ አንድ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። በቃ፣ ቆጠራው እዚህ ጋ አለቀ ማለት ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ መልስ አላየሁም። ደረጃው ቢፈርስ ኖሮ ጥጋቡንም መልሱንም አናየውም ነበር። ግቢው ራሱ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተማሪዎች ሆይ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ሄዳችሁ ቁጠሩ።

4. ስም የሚያወጣው ማን ነው?

የዚህ ከተማ ስሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። መንግሥት የሚሰጣቸውና ሕዝብ የሚያወጣቸው። የመንግሥቱ ስም የሚቆየው ሕዝቡ ከተቀበለው ብቻ ነው። ደርግ መስቀል አደባባይን «አብዮት አደባባይ» አለው። ለዓመታት በሰልፍ፣ በራዲዮ፣ በጋዜጣ ተጠራበት። ዛሬ ማን ይለዋል?

ሜክሲኮ አደባባይ ግን ከመንግሥት የመጣ ሆኖ ሕዝቡ የተቀበለው ነው። ምክንያቱም ውለታ አለበት። ጣልያን ሲወረን አብዛኛው ዓለም ወረራውን ሲቀበል፣ ሜክሲኮ በመንግሥታቱ ማኅበር ላይ ተቃውማ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። እነሱም አልረሱንም። ሜክሲኮ ሲቲ ከተማ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ስለዚህ እኛ እዚህ «ሜክሲኮ ወራጅ» ስንል፣ እዚያ ደግሞ አንድ ሜክሲኮአዊ «ኢትዮጵያ» ላይ ይወርዳል። እሱም እንደኛው ምክንያቱን ሳያስብ ይሆናል የሚወርደው።

ስድስት ኪሎ አካባቢ የካርል ማርክስ ራስ አለ። የደርግ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው ያቆመው። ሌኒንም ነበረ፣ አፍሪካ አዳራሽ አካባቢ፣ ሙሉ ቁመቱን። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲሄዱ ሌኒንን ገለበጡት። ማርክስ ግን ተረፈ። ዛሬ ፂሙን አንዠርግጎ ተቀምጧል፣ ተማሪ በአጠገቡ ያልፋል፣ ርግብ ታርፍበታለች። አንድ ቀን የአሥረኛ ክፍል ልጆች ይዤ ሄጄ «ይሄ ማነው?» ብላቸው አንዷ «ቄስ ናቸው?» አለችኝ። ሳቅን፣ ግን ጥፋቱ የሷ አይደለም። ለዚህ ሰውዬ ሐሳብ ሲባል ስንት የዚህ ከተማ ወጣት እርስ በርሱ እንደተላለቀ የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ አጠገቡ ቢኖር ትጠይቅ ነበር።

የሕዝቡ ስሞች ደግሞ እነሆ። ሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ 22 ቁጥር አንበሳ አውቶቡስ የሚዞርበት። ጉርድ ሾላ፣ የተቆረጠ የሾላ ዛፍ። ሳር ቤት። ላም በረት። እንቁላል ፋብሪካ፣ ዶሮዎቹን ያስቀና ስም። አዲሱ ገበያ፣ አያቴ የሚሆን ሰው «ስወለድ ጀምሮ አዲሱ ገበያ ነው» ብሎኛል። ይሄን ሁሉ ስም ያወጣ ኮሚቴ የለም። አንድ ሰው ለሌላ ሰው አቅጣጫ ሲያሳይ ያወጣው ነው፤ «ከሾላው በታች»፣ «አውቶቡሱ የሚዞርበት ጋ»። ሾላው ወደቀ፣ አውቶቡሱ መስመር ቀየረ፣ ስሙ ግን ቀረ።

5. ፊደል የሌለው ማስታወቂያ

ከፎቶዎቼ ውስጥ ብዙ ሰው ያላወቀው የጣሳው ነው። እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ፣ መንገድ ዳር የተተከለ። ታናናሾቼ፣ ያ ማለት «ጠላ አለ» ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የሚያነበው ማስታወቂያ። ዛሬ በከተማው መሃል እየጠፋ ነው፣ ዳር ዳሩን ግን አለ። ማታ ባለ መብራት ማስታወቂያ ካለበት ሕንፃ ጀርባ ጣሳ ስታዩ ሁለት ዘመን ጎን ለጎን ቆሞ ነው የምታዩት።

ሰይጣን ቤትስ? ሲኒማ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ግድግዳ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ ያየ ሁሉ «ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው» አለ። ቤቱም ሰይጣን ቤት ተባለ። ዛሬ ስልኩ ላይ ቲክቶክ የሚያይ የልጅ ልጁን ቢያዩት ምን ይሉ ነበር!

የታክሲዎቹ ስምም ታሪክ ነው። በደርግ ጊዜ ከኋላ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ያላቸው፣ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚሄድባቸው ታክሲዎች ነበሩ። ሰው «ውይይት» አላቸው። ያኔ በየቀበሌው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግዴታ የሚቀመጡበት የፖለቲካ ውይይት ነበር። አስቡት፣ በይፋ መቀለድ በማይቻልበት ዘመን ሕዝቡ ቀልዱን ታክሲ ላይ ለጠፈው። በየትኛውም የዘመኑ ጋዜጣ ላይ ይሄን ትችት አታገኙትም።

መርካቶ ምን አለሽ ተራ ደግሞ ለብቻው ሙዚየም ነው። የወተት ጣሳ ኩራዝ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል፣ በርሜሉ ተተርትሮ ምድጃ ይሆናል። እዚያ ሳነሳ አንድ ቀጥቃጭ «ምኑን ነው የምታነሳው? ቆሻሻ እኮ ነው» አለኝ። ስሙን ሳያውቀው፣ ዓለም ዛሬ በስብሰባ የሚያወራውን መልሶ መጠቀም አባቱ ጀምሮ የሠሩት ሰው ነው።

6. አሁን ምን እየሆነ ነው?

እስካሁን ያወራሁት ለጨዋታ አይደለም። ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ ከተማችን እንዴት እየተለወጠች እንዳለች ሁላችሁም ታያላችሁ። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ካዛንቺስ ትላንት የነበረው ዛሬ የለም። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መንገድ አምሯል፣ ማታ መብራት አለ። ይሄን አልክድም። ጭቃ ቤት ውስጥ፣ የጋራ ሽንት ቤት ተሰልፎ ያደገ ሰው ጭቃው ይናፍቀኛል አይልም። ደግሞም ይህች ከተማ ሁሌ ስትንቀሳቀስ ነው የኖረችው። ከእንጦጦ ወርዳ መጣች። ማገዶ አልቆ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሯት ነበር፣ ባሕር ዛፍ ደርሶ ነው የቀረችው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳን በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። ስለዚህ የለውጥ ጠላት አይደለሁም።

ግን ሐውልት ሲነሳ ተመዝግቦ፣ ተጠቅልሎ፣ ቦታው ተይዞለት ነው። ሰፈር ሲነሳስ? ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ጋ ነው። የቪላውና የጭቃ ቤቱ አቀማመጥ፣ ባለ መኪናውና ጉሊቷ አንድ ዕድር የሚገቡበት ኑሮ፣ መቶ ዓመት የፈጀ ነገር ነው። ሰዉ በአንድ ሳምንት ለየአቅጣጫው ሲበተን ያንን የሚመዘግብ የለም። ስሙን የሚጠራው ሰው ነውና፣ ሰዉ ሲበተን ስሙም ጠሪ ያጣል።

አንድ ልንገራችሁ። በክበባችን ልጆቹን «ከሰፈራችሁ የሚገርማችሁን አንድ ነገር አንስታችሁ ኑ» ብዬ ነበር። አንዱ ልጅ የቤታቸውን በር አንስቶ መጣ። ቆርቆሮ በር፣ ቁጥሩ በቀለም የተጻፈበት፣ አጠገቡ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ጤና አዳም የተተከለበት። «ይሄ ምኑ ይገርማል?» ብለው ሳቁበት። እሱም «ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ ሦስቱም ይታያል» አለ። እውነቱን ነበር፤ የሦስት ጊዜ ቆጠራ ቁጥር አንዱ ባንዱ ላይ ተጽፏል። ጎበዝ የታሪክ ተማሪ!

ከጥቂት ወራት በኋላ ሰፈሩ ተነሳ። ልጁ በሴሚስተሩ መሃል ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደ፣ ስም መጥሪያዬ ላይ ከስሙ ጎን «ተዛውሯል» ብዬ ጻፍኩ። ፎቶውን አሳጥቤ ላኩላቸው። ደውሎ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ቲቸር፣ አያቴ በሩን አላየችም። ጤና አዳሙን ነው ያየችው። ለጎረቤት ሁሉ ቡና እየቆረጠች የምትሰጠው ነበር።» አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፣ ከድሮ ጎረቤቶቻቸው አንዱም ብሎካቸው ውስጥ የለም። ዕድሩ ግን አልፈረሰም። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከየኮንዶሚኒየሙ ሁለት ሦስት ታክሲ እየያዙ ይሰበሰባሉ። የዕድሩ ስም እስከ ዛሬ የድሮው ሰፈር ስም ነው።

ቦታው የለም፣ ስሙን የተሸከሙት ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱ ሲያልፉስ? ለኔ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይሄ ነው። መቶ ዓመት የቆዩት ስሞች የቆዩት በየቀኑ የሚጠራቸው ስለነበረ ነው። አሁን የምናጣቸውን የምናቆየው በፎቶና በጽሑፍ ካልሆነ ሌላ መንገድ አይታየኝም።

7. ስለዚህ ስልካችሁን አውጡ

ካሜራ አያስፈልግም፣ ሙያም አያስፈልግም። ከልምዴ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አስፈቅዱ። ከተማችን ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይጠረጠራል፤ እኔም ግድግዳ ሳነሳ በአንድ ዘበኛ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ። ባንክ፣ ኤምባሲ፣ የመንግሥት ግቢ፣ ወታደር ባለበት አታንሱ። ሰው ቤት በር ላይ ከሆናችሁ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ፣ ይቺን በር ላንሳ?» በሉ። ዘጠኙ አሥር ጊዜ እሺ ይሏችኋል፣ ቡና የሚያስገቧችሁም አሉ። ታሪኩን ደግሞ የምታገኙት ቡናው ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀንና ቦታ ጻፉ። ያልተጻፈበት ፎቶ ከአሥር ዓመት በኋላ «የት ነበር ይሄ?» የሚባል ወረቀት ነው። «ካዛንቺስ» ብቻ አይበቃም። «ከእንትን ሱቅ ወደ ታች፣ ሦስተኛው በር» በሉ።

ሦስተኛ፣ ያማረውን ብቻ አታንሱ። ያማረውን ሁሉም ሰው ያነሳዋል። የባልቦላ ሻጩን ዳስ፣ የሊስትሮውን ሣጥን፣ ፊደሉ የተዛባውን ማስታወቂያ፣ የውሃ ቦኖውን፣ የዕድሩን ድንኳን አንሱ።

አራተኛ፣ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ጠይቁ። «ይሄ ሰፈር ለምን እንዲህ ተባለ?» በቃ ይሄን ብቻ። ሁለት ሰው የተለያየ መልስ ከሰጣችሁ ሁለቱንም ጻፉ፣ አትምረጡ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄን እንደ ቤት ሥራ ቁጠሩት፤ ማርክ የለውም፣ ቀን ግን አለው፣ ምክንያቱም ቀዩ ምልክት ግድግዳው ላይ ከተቀባ በኋላ ጊዜው አጭር ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ፣ ድሮ ቤት በር ላይ ቆማችሁ የተነሳችሁት ፎቶ አልበም ውስጥ አለ አይደል? ራሳችሁን አትዩ፣ ከኋላችሁ ያለውን ግድግዳ እዩ። እሱ ነው አሁን የሌለው።

ኮሜንት ላይ የሰፈራችሁን ስምና ለምን እንደዛ እንደተባለ የሰማችሁትን ጻፉልኝ። ፎቶ ያለው ይለጥፍ። ከልጆቹ ጋር ሰብስበን፣ ቀንና ቦታውን ጽፈን፣ በሰፈር በሰፈር እያደረግን ትምህርት ቤት ላይብረሪ እናስቀምጠዋለን። የጤና አዳሟ ፎቶ የመጀመሪያዋ ገጽ ላይ ናት።

መልካም ሰንበት።